ቤዙን ዝቅ አድርጊው

ጎበና ሃርድ ዲስኩን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቤዙን ዝቅ አድርጊው፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች ላይ።»

ጎበና የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠጠር ባንድ ውስጥ ቤዝ ተጫውቷል። አሁን በሃምሳ ስምንት ዓመቱ የመጀመሪያ የግል አልበሙን ሠርቶ፣ ከሱሉልታ ቡራዩ ድረስ ሦስት ታክሲ ቀያይሮ መጥቶ፣ የገዛ መሣሪያውን ድምፅ እንድቀንስለት ይጠይቀኛል። እሺ አልኩት። አልቀነስኩትም።

ፊት ለፊት ስንገናኝ ኦቦ ጎበና እላቸዋለሁ፣ አንቱ እላቸዋለሁ። እዚህ ላይ ግን እንደ ማንኛውም አድማጭ ጎበና እለዋለሁ፤ የባንዱን ሌሎች አባላትም እንደዚያው።

የእኔ ሥራ ሌሎች ሰዎች የቀዱትን ሙዚቃ ማመጣጠን ነው። ድምፃዊቷ ከጊታሩ ምን ያህል ትቅደም፣ ከበሮው የት ይቀመጥ፣ የቱ ይጉላ፣ የቱ ይደብዝዝ። የተማርኩት ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ነው፤ በተማርኩት አንድ ዓመት ሠርቼ ሰለቸኝና ቡራዩ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ አንዱን ክፍል ስቱዲዮ አደረግኩት። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ስፖንጅ ነው፤ ሄድፎኔ ግን ጥሩ ነው። በሥራዬ ብዙ ጊዜ አላባክንም፤ ደንበኛ ሲያመነታም አልወድም።

ጠጠርን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። በኤሌክትሪክ ጊታር የሚጮህ ሙዚቃ ለማንም አይመጥንም ሲባል በነበረበት ጊዜ ሰው እያንዳንዱን ቃል በቃሉ እስኪይዝላቸው ድረስ የተጫወቱ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ውባንቺ ትዘፍናለች፣ ስምዖን ጊታር ይጫወታል፣ ጎበና ቤዝ። ከበሮ መቺዎቹ ተለዋውጠዋል፤ የሦስቱን ፀባይ ችሎ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ የለም ይባላል። ከተበተኑ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ለምን እንደተበተኑ ሰባት ዓይነት ወሬ ሰምቻለሁ፤ አንዱንም ለማጣራት አልሞከርኩም። የከተማው ኪራይ ሲንር ውባንቺ ቡራዩ ገባች። ስምዖን ልጅ ሆኖ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ወደተማረበት ወደ ሰበታ ተመለሰ። ጎበናም ተወልዶ ወዳደገበት ወደ ሱሉልታ።

የሁለቱን የግል አልበሞች ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ። ውባንቺ በባንዱ ዘመን የታወቀችው በጩኸቷ ነበር። በግል አልበሟ አንድም ጊዜ አልጮኸችም። ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጣ ቀስ ብላ ትዘፍናለች፤ ስድስተኛው ዘፈን ላይ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዝናብ ይጀምራል፤ ሌላ ሰው ቢሆን ቀረጻውን አቁሞ ይጠብቅ ነበር፤ እሷ ዘፈኑን አዘግማ ዝናቡን ተከተለችው። ስምዖን ደግሞ አንድም ቃል የሌለበት አልበም አወጣ። ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ማን ይሰማል ብለው ሦስት አሳታሚዎች መልሰውታል። አሁን የሰበታ ሾፌሮች ገና ሲነጋ የሚከፍቱት እሱን ነው፤ ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ሰው ግማሹ እንቅልፍ ላይ ስለሆነ ዘፋኝ አይፈልግም፣ ዝምታም አይፈልግም። ሁለቱም አልበሞች አንድ ነገር አስተምረውኛል። ትልቅ ሙዚቀኛ ብቻውን ሲቆም ያለፈ ዝናውን አይደግምም፤ በጩኸቱ መሃል ያልተሰማለትን ያሰማል።

እንግዲህ ጎበናም በዚህ ሒሳብ ቤዙን ማሰማት ነበረበት። ሃያ ሁለት ዓመት ከኋላ ቆሟል። አልበሙን ለመሥራት ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። ታዲያ የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች ላይ ቤዙ በሄድፎን እንኳ በጭንቅ ነው የሚሰማው። ትሕትና ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ትሕትና ደግሞ ሰው ፊት ጥሩ ነገር ነው፣ ቅጂ ላይ ግን ጉድለት ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ቤዙን በአምስት ዴሲቤል፣ በሚቀጥሉት ሦስቱ ላይ በአራት አራት ከፍ አደረግኩት። በሄድፎኔ ሰማሁት። ግሩም ሆነ። ለጎበና አልነገርኩትም፤ ሲሰማው ያመሰግነኛል ብዬ ነበር።

የሚሰማው ደግሞ በታክሲ ውስጥ ነው።

ይህ የጠጠር ደንብ ነው። ገና ስማቸው ሳይታወቅ ስቱዲዮ ውስጥ የወደዱት ካሴት ታክሲ ውስጥ ሲከፈት እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸባቸውና አፈሩ። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ሥራቸው ሰው ጆሮ ከመድረሱ በፊት ሥራ ላይ ባለ ሚኒባስ፣ ምንም በማያውቁ ተሳፋሪዎች መሃል፣ ከተራ እስከ ተራ ይሰማል። መጨረሻው ፌርማታ እስኪደረስ ማንም አስተያየት አይሰጥም። ተሳፋሪ «ዝጋው» ካለ ደግሞ አበቃ፤ አንድ ዘፈን ካስዘጋ ያ ዘፈን፣ ሙዚቃውን በሙሉ ካስዘጋ ሥራው በሙሉ አይወጣም። ከተበተኑ በኋላ አንዱ የሌላውን ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ይህን ደንብ ግን ጠበቁት። የውባንቺን አልበም ስምዖንና ጎበና በቡራዩ መስመር ሰሙላት። አንድ ሽማግሌ አንዱን ዘፈን ዝጉልን አሉ። እሷ ከሁሉ የምትወደው ዘፈን ነበር፤ ከአልበሙ አወጣችው፤ እስከ ዛሬ ማንም አልሰማውም። የስምዖንን ደግሞ በሰበታ መስመር ሰሙለት።

አሁን ተራው የጎበና ነው። ሃርድ ዲስኩን ባመጣ ቀን በር ላይ ቆሞ እንደዋዛ እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ «ከወደዱት ይወጣል። ካልወደዱት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ሌላ አልሠራም፤ ሌላ ስድስት ዓመት የለኝም።»

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አዲሱ ገበያ፣ የሱሉልታ ተራ ተገናኘን። እኔ የሄድኩት ፍላሹን ይዤ ነው፤ ላፕቶፔም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ከትከሻዬ አይለይም። ውባንቺ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ስምዖን በትሩን አጣጥፎ ይዞ ከሰበታ ብቻውን መጥቷል። ሁለቱ በአንድ ቃል ሰላም ተባባሉ። ጎበና መካከላቸው ቆሞ የሚሠራውን ያጣ እጁን ኪሱ ከተተው።

ሾፌሩ ተድላ የጎበና ጎረቤት ነው። ከኋላ መቀመጫ ሥር ሁለት ትልልቅ ባፍሎች አሉት፤ በመስመሩ ሁሉ ይታወቃል። ፍላሹን ተቀበለኝና «አካም ኦቦ፣ ዛሬ ፈተና ነው አሉኝ፣ እኔም ጎማ አስነፍቼ መጣሁ» ብሎ ቀለደ። ውባንቺና ስምዖን ከኋላ ተቀመጡ፤ እኔና ጎበና ከመሃል፤ ከፊታችን ቢጫ ሻርፕ የጣለች፣ ስልክ የምታወራ ሴት። ቀሪው ቦታ ወዲያው ሞላ።

የመጀመሪያው ዘፈን መኪናው ቆሞ ሳለ ተጀመረ፤ ልክ በሄድፎኔ እንደሰማሁት ነበር። ደስ አለኝ። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ተድላ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ከፊት መቀመጫ ሥር ያለው ሞተር ማጓራት ጀመረ፤ እኔ ያጎላሁት ቤዝ ከባፍሉ ወጥቶ ከሞተሩ ጋር ተላተመ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሙዚቃ አልነበሩም። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጊታሩ ጠፋ። ቃሉም ጠፋ። የቀረው አንድ ትልቅ፣ ወፍራም፣ መልክ የሌለው ጉርምርምታ ነው፤ ጥርሴ ላይ ይሰማኝ ነበር።

ጎበና አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረውም። አንድ ሰው ቤቱ ገብቶ ወንበሩ ሁሉ ቦታ ተቀይሮ ሲያገኘው የሚያይ ዓይነት አስተያየት ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

ሦስተኛው ዘፈን አጋማሽ ላይ ባለ ሻርፗ ሴት ስልኳን ከጆሮዋ አነሳች። «ሾፌር፣ ይሄን ነገር ዝጋልን እባክህ፤ ራሴን በጠበጠኝ።»

ተድላ በመስታወቱ ጎበናን አየው። ጎበና ራሱን ነቀነቀ። ተድላ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ የቀረው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም፤ ጭንቅላቴ ሥራ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የተቋረጠውን ሦስተኛ ዘፈን በሐሳቤ ካቆመበት ቀጠልኩት። ጊታሩን አሰብኩት፣ ዜማውን አሰብኩት። ቤዙን ግን ማሰብ አላስፈለገኝም፤ እዚያው ነበረ። ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ የሚያጓራው ድምፅ ዘፈኑ የቆመበት ኖታ አጠገብ ነው፤ ልኩ አይደለም፣ ግን አጠገቡ። ወደ መጀመሪያው ዘፈን ተመለስኩ። ያው ነው። ሁለተኛው፣ ያው። አራቱንም ጎበና የቃኛቸው በዚህ ዳገት ላይ ነው።

ይህን እያሰብኩ ሳለ የእንጦጦን ጫፍ አለፍን። መንገዱ ተስተካከለ፤ ተድላ ማርሽ ቀየረ፤ ማጓራቱ በአንድ ጊዜ ወደቀ። መኪናው ውስጥ ባዶ ቦታ ተከፈተ። አምስተኛው ዘፈን የሚጀምረው በቤዝ ብቻ ነው፤ ለአርባ ሰከንድ ሌላ መሣሪያ የለም። ፋይሉን ስሠራ ለምን እዚያ ቦታ ላይ ድንገት እንደመጣ አልገባኝም ነበርና በማስታወሻዬ «ያልተመጣጠነ» ብዬ ጽፌበት ነበር። አሁን ገባኝ። መግባት የነበረበት ልክ እዚህ ነበር፤ ባዶው ቦታ ውስጥ። ሰውዬው አልበሙን ያሰለፈው በመንገዱ ነው፦ አራት ዘፈን ዳገት፣ ከዚያ ጫፉ፣ ከዚያ ወደ ሱሉልታ ሜዳ። ዳገቱ ላይ ቤዙን የሚጫወተው ሞተሩ ነው። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ቤዝ ጨመርኩበት።

እንደዚህ ያለ ነገር የሠራ ሙዚቀኛ አላውቅም። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።

ሱሉልታ ተራ ስንደርስ ሰዉ ወረደ። እኛ አራታችን የመኪናው ጥላ ሥር ቆምን። ጎበና ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ሰምታችኋል» አለ። ለመምጣታቸው አመሰገናቸው፤ ቤቱ ምሳ እንዳለም ነገራቸው። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እንደማይተነፍስም ገባኝ። አልበሙ መሳቢያ ሊገባ ነው፤ ለምን እንደገባ ደግሞ ከሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አይኖርም።

ተናገርኩ። አሳምሬ አልተናገርኩም፤ ስቸኩል ቃል ይጠፋብኛል። የሰማችሁት የሳቸው ሥራ አይደለም አልኩ። ቤዙን ዝቅ አድርጊ ብለውኝ እኔ ከፍ አደረግኩት፣ አልነገርኳቸውም፣ መኪና ውስጥ ነው እሳቸውም የሰሙት አልኩ።

ውባንቺ መነጽሯን አወለቀች። «በስንት?»

«የመጀመሪያው በአምስት ዴሲቤል። ሌሎቹ በአራት አራት።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

ወደ ጎበና ዞረች። እንዲህ ያለች ልጅ ከየት አመጣህ እንደምትለው ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን የተናገረችው ስለ ደንቡ ነው። «የተሳፋሪ ቃል የተሳፋሪ ቃል ነው። ሽማግሌው ዘፈኔን ሲያዘጉ የባፍሉ ጥፋት ነው፣ የመንገዱ ጥፋት ነው አላልኩም። ከአልበሙ አወጣሁት።»

ጎበና ልክ ናት አለ። ይህን ሲል አልተከፋም፤ እኔ ግን ተናደድኩ፣ በሱም ጭምር።

ስምዖን እስካሁን ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ቆሞ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ሴትዮዋ ዝጋው ያለችው የማንን ሥራ ነው? እኔ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ጎበናን ስፈልገው ነበር፤ አላገኘሁትም። ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ ጎበና ሰው አይገፋም። አንቺ ዘፈንሽን ያወጣሽው ያንቺ ስለነበረ ነው። ይሄኛው የዚች ልጅ ነው፤ እሱ ይጣል፣ ግድ የለኝም። የጎበናን ገና አልሰማነውም።»

ውባንቺ መነጽሯን በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ ጎበናን ደግመን እንድንሰማህ ትፈልጋለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። አልለምንም አለ። ለምነኝ አላልኩህም፣ ትፈልጋለህ ወይ ነው ያልኩህ አለችው። አቀርቅሮ «እፈልጋለሁ» አለ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ግን አሥራ አምስት ዓመት አይሞላውም ነበር።

«ቡራዩ ለመመለስ ወደ ታች መውረዴ አይቀርም» አለች ውባንቺ። «አዲሱ ገበያ ስንደርስ ያንተ ሥራ ፍላሽ ላይ ካለ አንድ ጊዜ መልሼ ዳገቱን እወጣለሁ። ከሌለ ቤቴ ገባሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሰምተሻል አንቺ ልጅ» አለችኝ።

ሰምቻለሁ። የላፕቶፔ ባትሪ ሠላሳ አንድ በመቶ ነበር። ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። አሥራ አንድ ዘፈን።

ፍላሹን ከተድላ መልሼ ወሰድኩ፤ ቁልቁል ስንወርድ ጎበና አጠገቤ ተቀመጠ። ከቤዙ ሌላ የአሥራ አንዱንም ዘፈን ሌሎች ድምፆች ነካክቼ ስለነበር ሃርድ ዲስኩ ላይ የነበረውን የሱን ልክ መልሼ ማግኘት አልችልም ነበር፤ እላዩ ላይ ነው የሠራሁት፤ የመጀመሪያውን ቅጂ ሳላስቀምጥ መሥራት ደግሞ ተማሪ እንኳ የማይሠራው ስህተት ነው። ይህን ነገርኩት። አይኑን ጨፍኖ ቁጥሮቹን ይነግረኝ ጀመር። የአሥራ አንዱንም በቃሉ ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው እዚህ ላይ። ሁለተኛው ከሱ ትንሽ ዝቅ። ሦስተኛው ላይ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ጨርሰሽ አጥፊው፤ እዚያ ላይ መታጠፊያው ነው፣ ተድላ አንደኛ ያስገባል። እኔ እጽፋለሁ፣ መኪናው ይዘላል፣ ጣቴ ሌላ ቁልፍ ይነካል፣ እንደገና እጽፋለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አልኩና ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ሞተሩን ማለቴ ነው።

«ሞተሩ እኮ እየተጫወተ ነው» አለ። «ሁለት ሰው አንድ ኖታ ላይ ምን ይሠራል? ደግሞ ብነግርሽ በሄድፎን ትፈልጊው ነበር። ዝቅ አድርጊው አልኩሽ። ይበቃ ነበር።»

ቀጣዩን ቁጥር ጠየቅኩት።

አዲሱ ገበያ ስንደርስ ባትሪው ስድስት በመቶ፣ ዘጠኝ ዘፈን ፍላሽ ላይ ነበር። አሥረኛው ሲገለበጥ ሰው መውረድ ጀመረ። አሥራ አንደኛው ሲያልቅ ፍላሹን ነቅዬ እየሮጥኩ ለተድላ ሰጠሁት። ተድላ ሳቀብኝ። ተራ አስከባሪው አሰልፎታል፤ ከፊቱ ስድስት መኪና አለ። አርባ አምስት ደቂቃ ቆምን። ያን ያህል በጭንቀት ከሠራሁ በኋላ ቆሜ ስድስት መኪና በየተራ ሞልቶ ሲወጣ ማየት ነበረብኝ። ውባንቺ ቆሎ ገዝታ ለስምዖን አካፈለችው፤ ሁለቱ ምንም ሳይነጋገሩ አንድ ከረጢት ጨረሱ። ለእኔ አልሰጡኝም።

ሁለተኛው ጉዞ ላይ ከፊታችን የስፖርት ቦርሳ ያነገተ ሯጭ ተቀመጠ፤ ከጎኑ የጫጩት ካርቶን ጉልበቷ ላይ የያዘች ሴት። ሁለት ተማሪዎች ከኋላ ይሳሳቃሉ። ተድላ ፍላሹን አስገባ።

ጠፍጣፋው መንገድ ላይ የመጀመሪያው ዘፈን የሳሳ ነበር። የሆነ ነገር እንደጎደለው ማንም ያውቃል። እኔም አውቄ እንኳ እጄ ድምፅ ለመጨመር ይበላኝ ነበር። ከዚያ ዳገቱ መጣ፤ ተድላ ሁለተኛ አስገባ፤ የጎደለው ነገር ከፊት መቀመጫ ሥር ተነስቶ ገባ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ገባ። ጊታሩ ከሞተሩ ላይ ቆመ። ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጎበና ራሱ የተጫወተው ቤዝ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላል፤ ተድላ ማርሽ ሲቀይርና ሞተሩ ለአፍታ ሲወድቅ፣ የወደቀውን ኖታ ይዞ ቆይቶ ለሞተሩ መልሶ ያስረክበዋል። ሁልጊዜ ልኩን አልገጠመም። አንድ ከባድ መኪና ከፊታችን ሲንፏቀቅ ሁለተኛው ዘፈን ውስጥ ሞተሩ ቀድሞ ዝም አለና ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ነገር ክፍት ሆነ፤ እሱም አላስቀየመም። ጫጩቶቹ ይጮኻሉ። ተማሪዎቹ መሳሳቃቸውን አላቆሙም። ማንም ዝጋው አላለም፤ ማንም ይሄ የማን ነውም አላለም። ሰዉ እንደ መንገዱ ተቀበለው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ አራተኛው ዘፈን ገና አላለቀም ነበር። አሥር ሰከንድ፣ አሥራ አምስት። ተድላ ማርሽ ቀየረ፣ ሞተሩ ወደቀ፤ ዘፈኑ በቀረው ባዶነት ውስጥ ጥቂት ተንሳፍፎ አለቀ፤ ከዚያ ቤዙ ብቻውን መጣ። የጎበና ቤዝ፣ ሙሉው፣ ከሁለቱ ባፍል። ከፊቴ ያለው ሯጭ ሳያውቀው ጀርባውን ከመቀመጫው አነሳ። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ስምዖን በግራ እጁ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ጊታር ይጫወታል፤ እዚህ ቦታ ላይ የሌለውን፣ ጎበና ያልጻፈለትን ክፍል። ውባንቺ መነጽሯን አድርጋለች፤ ፊቷ አይነበብም።

ከዚያ በኋላ እስከ ሱሉልታ ያለውን ሜዳ ደጋግሜ ባደንቅም ብዙ የምለው የለኝም። ሌሎቹን ዘፋኝ አስዘፍኖባቸው ሰባተኛው ዘፈን ላይ ግን ጎበና ራሱ ይዘፍናል። ቢቀር ይሻል ነበር።

ተራው ጋ ስንወርድ ተድላ ሞተሩን አጥፍቶ ሊሰማ ከእኛ ጋር ቆመ። ጎበና ወደ መሬት ያያል።

ቀድሞ የተናገረው ስምዖን ነው። ሰበታ መንገዱ ሜዳ ነው፣ እዚያ ምን ሊሆን ነው ብሎ ጠየቀ። ጎበና እዚያም ሞተር አለ አለው። ስምዖን አሰበና የሰበታው ሞተር ሌላ ማርሽ ላይ ነው፣ ለእኛ ሰዎች አንዳንዱ ዘፈን ሳስቶ ይሰማቸዋል አለ። ጎበና ይሁን አለ፤ እዚህ ነው የምኖረው።

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» አለ ስምዖን ሳቅ ብሎ፤ «እኔም ለጠዋት ፈረቃ ነው የሠራሁት።» እጁን ዘረጋ፤ ጎበና ያዘው።

ውባንቺ ሻሿን ፈታ መልሳ አሰረችው። እኔ ልጮህባት ምንም አልቀረኝም።

«ሰባተኛው ላይ ዘፍነሃል» አለች።

«አዎ።»

«ዘፋኝ አይደለህም።»

«አውቃለሁ።»

«አጥፋው። ዜማው ይኑር፣ ድምፅህን ብቻ ከዘፈኑ አውጣው።» መነጽሯን አወለቀች። «አልበሙ ይውጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ከፊትህ ቆሜ እጮህ ነበር፤ ከኋላዬ ምን እንደሆንክ ዛሬ ነው የሰማሁት። ምሳ አለ ብለህ አልነበር?»

ለምሳው እኔንም ጠሩኝ። ቡራዩ ሥራ አለኝ ብዬ ተመለስኩ። ውሸት አይደለም፤ ሰባተኛውን ማስተካከል፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ማውጣት ነበረብኝ። ከሁሉ በላይ ግን አብሬያቸው ለመቅረብ አፍሬ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጎበና ነው። ፋይሎቹን በኢንተርኔት እልክልዎታለሁ ብዬው ነበርና ለምን እንደመጣ ጠየቅኩት። ሠርተሽ እስክትጨርሺ እዚህ እቀመጣለሁ አለኝ። አልተቆጣም፣ ምክርም አልሰጠኝም፤ ስለ ቅዳሜው አንድ ቃል አላነሳም። ወንበር ጎትቶ ከኋላዬ፣ ማያ ገጹን በሚያይበት ቦታ ተቀመጠ። ማክሰኞም መጣ። ረቡዕም። በየቀኑ ሦስት ታክሲ መምጫ፣ ሦስት ታክሲ መመለሻ።

ስሠራ ሰው ከኋላዬ ሲቆም አልወድም፤ ለማንም ፈቅጄ አላውቅም። ለሱ ዝም አልኩ። ቅዳሜ በሁለተኛው ጉዞ የሰማነውን ቅጂ በሦስት ቦታ አስቀምጬ እያንዳንዱን ዘፈን ከመንካቴ በፊት ምን እንደማደርግ እነግረዋለሁ፤ ቶሌ ካለ እነካለሁ፤ ካላለ አልነካም። አንዳንዴ ለአንድ ቁጥር አሥር ደቂቃ ያስባል። እኔ እግሬን አወዛውዛለሁ፤ እሱ አይቸኩልም።

ረቡዕ ዕለት ስድስተኛውን ዘፈን ጨርሼ ፋይሉ ሲወጣ በማያ ገጹ ላይ ያለው መስመር ቀስ እያለ ሲሞላ ሁለታችንም አየን። ሞላ። ወደሱ ዞርኩ።

«ቀጣዩ» አለኝ፤ ወንበሩን አንድ ስንዝር ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።